በአረንጓዴ ክር የታሰረችው እንስላል

ሽውታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷና ከአራት ዓመቱ ወንድሟ ጋር፣ ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ትኖራለች። ምግብ ቤቷ የእናቷ ናት፤ አምስት ጠረጴዛ አላት፤ አንደኛው ጠረጴዛ እግሩ ሥር ወረቀት ካልተደረገለት ይነቃነቃል። ሽውታ ደግሞ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሽው ብላ ወጥታ ሽው ብላ ስለምትገባ ጎረቤት ያወጣላት ቅጽል ስም ነው። ጫማዋን ሳታስር ትሮጣለች። ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች። ሾርባው ሳይበርድ ትጎነጭና ምላሷን ታቃጥላለች።

እናቷ ሁልጊዜ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላታለች።

«እኔ ስለቅምም ፈጣን ነኝ» ብላ ትመልሳለች ሽውታ።

መልስ አታጣም፤ ልጆች፣ እንደ አንዳንዶቻችሁ።

ከወጥ ቤቱ በር ውጪ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ ሁለት እርምጃ የምትሆን መሬት አለች። እዚያች ላይ የሚበቅለው እንስላል ብቻ ነው። እንስላልን ታውቁታላችሁ? ቅጠሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። አበባው ቢጫ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ቅጠሉን በጣታችሁ ፈተግ ካደረጋችሁት ደስ የሚለው ሽታ እስከ ማታ ከእጃችሁ አይጠፋም።

የሽውታ እናት የዓሣ ሾርባ ትሠራለች፤ ድንችም ትቀቅላለች። በሁለቱም ላይ እንስላል ይነሰነሳል። የሚነሰነሰው ግን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። «እንስላል እሳት አይወድም፤ ካንተከተኩት ሽታው ጥሎኝ ይሄዳል» ትላለች እናቷ። ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልክ ድስቱ ሲወርድ፣ ከወጥ ቤት «እንስላል» የሚል ጥሪ ይሰማል። ያን ጊዜ መቀስ ይዞ መውጣት የሽውታ ሥራ ነው።

የአቆራረጡ ሕግ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ተክል ትንሽ ትንሽ፣ ከታችኛው ቅጠል፣ ከዳር ከዳር። «ሁሉም ትንሽ ካዋጣ ማንም አይጎዳም» ብላ እናቷ አስተምራታለች።

ዘሩን መጀመሪያ የሰጧቸው ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ እማማ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከእናታቸው ነው የወረሱት። በየዓመቱ ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ዘንድሮ ግን አይጥ ዘሩን ከነወረቀቱ በላችው። እማማ መሳቢያውን ከፍተው ሲያዩ አልተናደዱም። «ለካ አይጥም ማጣፈጫ ትፈልጋለች» ብለው ሳቁ። ከዚያ በአጥሩ በር አድርገው ወደ ሽውታ ቤት መጡ።

«ልጄ ልትወልድ ነው» አሉ። «ሁለት ወር ገደማ ይቀራታል። ሄጄ አርሳታለሁ፤ እዚያው ዓመት ሁለት ዓመት ልቆይም እችላለሁ። እሷ ደግሞ ገና ከአሁኑ እማዬ፣ ያንቺ የእንስላል ሾርባ አማረኝ እያለች ታስለቅሰኛለች። እዚያ የምዘራው ዘር ያስፈልገኛል።»

«እትዬ፣ ምን ጥያቄ አለው» አለች የሽውታ እናት። «የርስዎው አይደል እንዴ።»

እማማ ተክሎቹን አንድ በአንድ አዩ። አሥራ ሁለት ነበሩ። ከሁሉም ረጅሟን፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን መረጡ። አበባዋ ገና መዘርጋቱ ነበር። ከአንገታቸው ላይ ከሚንጠለጠለው ሜትር ጋር የተጠማዘዘ ቀይ ክር ነበራቸው፤ በጠሰው ከግንዷ ግርጌ ላላ አድርገው አሰሩላት።

«ይቺ የዘር እናት ናት» አሉ። «አበባዋ ደርቆ ዘር እስኪሆን መቀስ እንዳይነካት። ሽውታዬ፣ አደራ።»

«እሺ እማማ» አለች ሽውታ። «አደራ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ነው እሺ ያለችው።

ልጆች፣ አደራ ከባድ ቃል ነው። እንደ ትኩስ ሰሃን በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሽውታ ደጅ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘል ነበር። ተራዋ ሊደርስ አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች። ልክ ያን ጊዜ ከወጥ ቤት «እንስላል» የሚል ድምፅ መጣ።

ሽውታ መቀሱን ይዛ ሽው አለች። አሥራ ሁለት ተክል። ከእያንዳንዱ ትንሽ፣ ከታች፣ ከዳር። እስከዚያ ተራዋ ያልፋል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ረጅም ተክል ቆማለች፤ አንዴ ቢቆርጧት እፍኝ ሙሉ ቅጠል።

«ለአንድ ቀን ምን አለበት» አለች በልቧ። ቀጭ አደረገችና የላይኛውን ግማሽ ወሰደች። ቅጠሉን ሸምጥጣ ለእናቷ ሰጠች፤ የተረፈውን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። ተራዋም ደረሰላት። ሠላሳ ሁለት ዘለለች፤ ማንም አልበለጣትም።

መቀሱን ልትመልስ ስትመጣ ነው ያየችው። ከተቆረጠው ግንድ ግርጌ ቀይ ክር አለ። መሬት ላይ ቢጫው ጃንጥላ ወድቋል። ሽውታ ስትቆርጥ አበባውን አላየችም ማለት አይደለም። አይታዋለች፤ ግን የቸኮለ ዓይን ያያል እንጂ አያስተውልም።

እናቷ በመስኮት ሰሃን ስታቀብል ይታያታል። ከአጥሩ ማዶ የእማማ የስፌት መኪና ይሰማታል። አሁኑኑ ሄዳ «እማማ፣ አጠፋሁ» ብትል ነገሩ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ባለቀ ነበር። ሽውታ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ከገመዱ ሁሉ ረዘመችባት። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰበች። እንዴት ያለ ዘዴ መሰላችሁ? የተቆረጠውን አበባ መልሳ ልትቀጥለው።

ለዚያ ክር ያስፈልጋል። አረንጓዴ ክር። አረንጓዴ ክር ያለው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ነው።

እማማ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው የሱሪ ጫፍ ያጥፉ ነበር። ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተበትኗል፤ ጣታቸው ላይ የልብስ ጠመኔ ነጭ አሻራ አለ።

«እማማ፣ አረንጓዴ ክር አለዎት?»

«አለኝ። ለምንሽ ነው?»

«ለ... ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ልሰፋላት።»

«እሰይ» አሉ እማማ፤ ፊታቸው በራ። «ሙያ ልትጀምሪልኝ ነው። አሻንጉሊቷ ቁመቷ ምን ያህል ናት?»

ሽውታ በእጇ ለካች። «ይችን ታህል።»

«ምን ዓይነት ቀሚስ ነው የምትወደው?»

«እ... ሽንሽን ያለው።»

ውሸት ብቻዋን አትመጣም፤ እህቶቿን ጠርታ ነው። ሽውታ አንድ ብላ ገብታ ሦስት ብላ ወጣች፤ እማማ ደግሞ ሙሉ ጥቅልል ክር በእጇ አስጨበጧት።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። አበባውን በቆመው ግንድ ላይ አስቀመጠች። ስንጥር እንጨት ደገፈችለት። ክሩን አንድ ዙር፣ አምስት ዙር፣ ሃያ ዙር ጠመጠመች። ላልቶ እንዳይወድቅ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ወደ ኋላ ርቃ አየችው። ከሩቅ ምንም አይታወቅም። ማታ ላይ እማማ ከመስኮታቸው ሆነው «እንዴት ዋለች የዘሬ እናት?» ሲሉ፣ ሽውታ «ደህና ናት» አለች። እማማ ዓይናቸው በስፌት ደክሟል። «ከዚህ ሲያዩዋት እንዴት ታምራለች» አሉ።

ሽውታ ግን ያን ቀን እራቷን አልጨረሰችም። ሾርባው ሳይበርድ አልጎነጨችም፤ ከበረደም በኋላ አልጎነጨችም።

በማግስቱ ጃንጥላው አንገቱን ደፋ። ሽውታ ውኃ አርከፈከፈችበት። በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። ሌላ ስንጥር ጨመረችለት። ትንሹ ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆሞ ይመለከታታል።

«አበባዋ ጉሮሮዋን አሟታል?» አላት።

«አላመማትም።»

«ታዲያ ለምን ፋሻ አደረግሽላት?»

«ዝም በል አንተ።»

«ለእማዬ ልንገራት? ሐኪም ትጠራላታለች።»

ሽውታ የዳቦዋን ጥግ ሰጠችውና ዝም አሰኘችው። ግን የአራት ዓመት ልጅ ዝምታ ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

እሁድ ደረሰ። በሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ልጆቹን አሰልፋ «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት» አለቻቸው። ሽውታ ዓይኗን አጥብቃ ጨፈነች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እባክህ አበባዋን ቀጥልልኝ» ብላ ጸለየች። ልብ በሉ ልጆች። ይቅር በለኝ አላለችም፤ ቀጥልልኝ ነው ያለችው። ጌታ እንዴት ፈገግ ብሎ ይሆን ያዳመጣት እላለሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአጥሩ በር ተንኳኳ። እማማ ናቸው። በእጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ቀሚሱ እንዴት ሆነልሽ ብዬ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ሲሰፉ ሽንሽን ያስቸግራል። እኔም በልጅነቴ አልቅሼበታለሁ። እንድታይበት አንድ ሠራሁልሽ።»

ወረቀቱን ፈቱት። ጣት የምታህል እጅጌ ያላት፣ ሽንሽኗ እንደ አበባ የተከፈተ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ነበረች። በደረቷ ላይ ሦስት ትናንሽ ነጭ አዝራሮች ተደርድረዋል። እኚያ ዓይናቸው የደከመ እማማ፣ ይህን ሁሉ በመርፌ።

ሽውታ ቀሚሷን ትክ ብላ አየች። ከዚያ ለቅሶዋ መጣ፤ ልክ እንደ እሷ ሽው ብሎ ነው የመጣው።

«እማማ፣ አሻንጉሊቴ ቀሚስ አልጎደላትም» አለች። «ክሩን የወሰድኩት ለእንስላሏ ነው። የዘር እናትን ቆረጥኳት። ተራዬ እንዳያልፍ ብዬ። ከዚያ ቀጠልኳት፤ ግን አልቀጠል አለች። ዋሸሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ቀሚሷን በጥንቃቄ አጠፏት። ከዚያ «ነይ፣ አሳዪኝ» አሏት።

እናቷም ወጥ ቤት ሆና ሰምታ ነበር፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ትንሹ ወንድሟም መጣ። አራቱ በእንስላሏ ዙሪያ ቆሙ። ጃንጥላው ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ሁለት ስንጥር ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል።

«ጉሮሮዋን አሟት ነው» አለ ትንሹ።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ። ስፌት ሲተረትሩ እንደሚያደርጉት የክሩን ጫፍ በጥፍራቸው ፈልገው አገኙት። አንድ ዙር፣ አምስት ዙር፣ ሃያ ዙር፤ እየፈቱ ክሩን በጣታቸው ላይ መልሰው ጠቀለሉት። ስንጥሩ ወደቀ። የደረቀው አበባ ወደቀ። ግንዷ ራቁቷን ቆመች።

«እ» አሉ እማማ። «እስቲ ዝቅ ብለሽ ተመልከቺ።»

ሽውታ ተንበረከከች። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ፣ ክሩ ተጠምጥሞበት በነበረው ቦታ፣ አንዲት የስንዴ ቅንጣት የማታህል ነገር አለች። ነጣ ያለች፣ የተጣመመች። ከታች ሌላ አለች። ከሱም በታች ሌላ።

«እንስላል ጫፉ ሲቆረጥ ከጎን ያቆጠቁጣል» አሉ እማማ። «ሥሩ ካልተነቀለ ተስፋ አይቆርጥም። እነዚህ ቀንበጦች በቆረጥሽ በማግስቱ ነው ሊወጡ የጀመሩት። ግን ጥፋትሽን የደበቅሽበት ክር አንቆ ያዛቸው። ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ ሁሉም ይበሰብሱ ነበር።»

«አሁንስ ይተርፋሉ?» አለች ሽውታ።

«እሱን እኔ አላውቅም። ዘር የሚሰጡት እኔ ከመሄዴ በፊት ይሁን በኋላ፣ እሱንም አላውቅም። መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ። ከቃላት ሁሉ ሽውታ የምትጠላው እሱን ነው።

«እኔ ደግሞ» አለች እናቷ፣ «ባለፈው ረቡዕ ደንበኛ ሁሉ ሾርባው ዛሬ ምን ገባበት እያለ ሰሃን ሲልስ፣ እጄ የጣፈጠ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ለካ የዘር እናት ገብታበት ኖሯል።» ይህን ብላ ፈገግ ልትል ስትል ተወችው። «እኔንም ዋሽተሽኛል፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ እማዬ። ይቅርታ።»

«ይቅር ብያለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ተክል የምትጠብቂያት አንቺ ነሽ። ጠዋትና ማታ። ሳትሮጪ።»

እማማም ቀሚሷን ዘረጉላት። ሽውታ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«አይገባኝም» አለች።

«እኔ ለሥራሽ የከፈልኩሽ መሰለሽ?» አሉ እማማ። «ስለምወድሽ ነው የሰፋሁት። ያዢ።»

ያን ዕለት ማታ ሽውታ እንደገና ጸለየች። በዚህኛው ጸሎት ውስጥ «ይቅር በለኝ» የሚል ነበረበት፤ «ቀጥልልኝ» የሚል ግን አልነበረበትም።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ፤ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ።

በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ ቀንበጥ አረንጓዴ ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱም ክንዳቸውን ዘረጉ። ከዚያ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ አንድ አንድ ቢጫ ጃንጥላ ተከፈተ፤ ከበፊቱ ያነሱ ነበሩ፣ ግን ሦስት ናቸው። ንቦች መጡ። ሽውታ አጠገባቸው ተቀምጣ «በሉ ቀስ እያላችሁ ሥሩ፣ አትቸኩሉ» ትላቸዋለች። እናቷ ይህን በመስኮት ስትሰማ ጭልፋውን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ንብ የምትመክር ሽውታ።

አበባው ረግፎ ዘሩ ሲይዝ ግን የእማማ መሄጃ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ነው መኪናው። ማክሰኞ ዕለት ዘሩ ገና አረንጓዴ ነበር። ሽውታን እጇን በላት። አሁን ብትቀጥፈውስ? ቢያንስ በእጃቸው ዘር ይኖራል። እጇን ዘረጋች። ከዚያ ቀዩን ክር አየች። አረንጓዴ ዘር ቢዘሩት እንደማይበቅል እማማ ነግረዋታል። እጇን ሰበሰበችና ከሥሯ ቁጭ አለች፤ እጆቿን ለመጠበቅ ብላ ጉልበቷ ሥር አስገባቻቸው።

ረቡዕ ፀሐይ ጠነከረ። ሐሙስ ዘሩ ጠርዙ ወየበ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡናማ ሆነ። ሽውታ እማማ እንዳስተማሯት ጃንጥላዎቹን በወረቀት ከረጢት ሸፈነች፤ ዘሩ እንዳይረግፍ። ከዚያ ቆረጠቻቸው፤ አንድ በአንድ በእርጋታ። ቤት ገብታ በመዳፏ መካከል አሸችው። ጭር ጭር እያለ እማማ ባዋሷት ባዶ የአዝራር ጣሳ ውስጥ ወረደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አንዲት ዘር ብቻ መሬት ላይ ወደቀች፤ ተንበርክካ ፈልጋ አገኘቻት።

«አፍሳ ለቀመች» አለ ትንሹ ወንድሟ።

ጣሳው አልሞላም፤ ከግማሽ ትንሽ አለፈ። ሽውታ በሁለት እጇ ይዛው በአጥሩ በር ገባች። አልሮጠችም። እማማ ሻንጣቸውን ዘግተው፣ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው ተቀምጠው ነበር።

«አደራዎን አምጥቻለሁ» አለች። «ትንሽ ጎድሏል።»

እማማ ጣሳውን አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እናቴን ነው የሚሸተው» አሉ። «ለአንድ ቤት ይቅርና ለመንደር ይበቃል።» ከዚያ አንድ ቁንጣሪ ዘር ቆንጥረው በወረቀት ጠቀለሉና ለሽውታ ሰጧት። «ይሄ ደግሞ የአንቺ ነው፤ ለሚመጣው ዓመት። የኔን እንደገና አይጥ ከበላችው አንቺ ዘንድ ነው የምመጣው።»

ሽውታ ጥቅሏን ስታይ ያሰሯት በአረንጓዴ ክር ነው። ያው ክር ነው፤ ከግንዱ ላይ የፈቱት።

«ክር አይጣልም» አሉ እማማ። «ተሳስቶ ቢታሰር ይፈታና ለደህና ነገር ይታሰርበታል። ሰውም እንዲሁ ነው።»

ከሁለት ወር በኋላ በምግብ ቤቷ ስልክ ላይ አንድ ፎቶ ደረሰ። በመስኮት ደፍ ላይ ባለ ቆርቆሮ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ለጋ እንስላል በቅሏል። ከጎኑ እማማ አንዲት ቀይ ሕፃን ታቅፈው ይስቃሉ። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጄ ሁለት ሰሃን ሾርባ ጠጣች። የልጅ ልጄ ደግሞ ስትጮህ እንዳንቺ ቸኩላ ነው።»

ልጆች፣ ጥፋታችሁን አትደብቁ፤ የተደበቀ ጥፋት ገና ሊበቅል ያለውን በጎ ነገር ያንቃል፣ የተናዘዘ ልብ ግን እንደገና ያቆጠቁጣል።